ቆርቆሮውና ህድሞው በበረዶው ቀን

ዋግ ኽምራ እስክመደብ ድረስ ስለ ጣሪያ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ያደግሁት ጎጃም ነው። የእኛም ቤት፣ የጎረቤቶቻችንም ቤት ቆርቆሮ ነበር። ጣሪያ ማለት ለእኔ ዝናብ ሲመጣ የሚጮህ፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚግል፣ ከዚያ ውጭ ሰው ቀና ብሎ የማያየው ነገር ነው።

የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ የተመደብኩት ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ በሚያስኬደው መንገድ፣ ደጋው ላይ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ በትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ከተመታ ጀምሮ ተለውጦ አያውቅም፤ ሚስማሮቹ ባሉበት መስመር ሁሉ ዝጎ ቀይ ሆኗል። ማዋለጃ ክፍሉ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ይጨልማል። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ከአልጋው በላይ አንዱን ቆርቆሮ ትተው በቦታው ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ገጥመዋል። መብራት በሌለ ቀን የምንሠራው በእሱ ነው፤ መብራት የሌለበት ቀን ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ እኔ ያንን ፕላስቲክ እወደው ነበር።

ከድንጋይ አጥራችን ማዶ አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ቤታቸው ህድሞ ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር ድንጋይ ነው፤ በላዩ የወይራና የጥድ ግንድ ይጋደማል፤ በግንዱ ላይ ጭራሮ ይነጠፋል፤ በዚያ ላይ አፈር ይደለደላል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው ይቆምበታል፤ እህል ይሰጣበታል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ እማማ አዲስ አፈር ያስወጡና በእግር ያስረግጡታል። አንድ ቀን ሲያስረግጡ አይቼ፣ "በየዓመቱ አይሰለችዎትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ጣሪያ እንደ ከብት ነው፤ ካላዩት ይከሳል" አሉኝ።

በረዶው የወረደው በሐምሌ ነው። ጠዋት ብራ ነበር። ከረፋዱ ላይ አንዲት ወላድ ከታችኛው ጎጥ ከባሏ ጋር በእግሯ መጣች። ምጧ ገና ጀማሪ ነበር፤ መንገዱን ግን በየመሃሉ እየተቀመጠች እንደጨረሰችው ባሏ ነገረኝ። እሷ የምትናገረው ኽምጣንጋ ነው፤ አማርኛ ጥቂት ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ባሏ ሁለቱንም ያውቃል። እኔ ከኽምጣንጋ የማውቀው ሰላምታና "አይዞሽ" ለማለት የሚበቃ ያህል ነው። መርምሬያት ሁሉም ነገር ደኅና ስለነበር፣ እየተራመደች እንድትቆይ ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ጥበቃ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ጎልማሳ ሰው፣ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ።

"ዶክተር፣ ሰማዩን እዪው እስቲ" አለኝ። እዚያ አገር ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

"ምን ሆነ?"

"ጥቁር ቢሆን ዝናብ ነው እል ነበር። አረንጓዴ ሆኗል።"

ወጥቼ አየሁ። እውነቱን ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ደመና እንደ ሻገተ መዳብ መስሏል። ወፎቹ ዝም ብለዋል። ጥበቃው ደጅ የተሰጣውን አንሶላ ሰብስቦ ገባ፤ እኔም ወደ ወላዷ ተመለስኩ፤ ምጧ ተፋፍሞ አልጋ ላይ ወጥታ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው። ቀጥሎ ሽምብራ የሚያካክል በረዶ እዚህም እዚያም ቆርቆሮውን ነካ ነካ አደረገና ዝም አለ። የፅንሱን የልብ ምት ላዳምጥ ማዳመጫዬን ሆዷ ላይ አድርጌ ጎንበስ ባልኩበት ሰማዩ ተቀደደ።

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ያመጣልኝ ነበር። ይህ ግን አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ድንጋይ አናታችን ላይ ሲራገፍ ማለት ነው፤ ተራግፎም አያልቅም። ጆሮዬ ማዳመጫው ላይ እንደተለጠፈ ምንም አልሰማሁም። ቦታ ለወጥኩ፤ አሁንም ምንም። ልጁ ደኅና ይሁን አይሁን የማውቅበት መንገድ ያ ብቻ ነበር። ወላዷን በአፌ ላበረታታት ሞከርኩ፤ የራሴንም ድምፅ አልሰማሁትም። በእጅ ምልክት ማውራት ጀመርን።

ቀድሞ የሄደው ፕላስቲኩ ነው። ለዓመታት ፀሐይ ሲበላው ኖሮ እንደ ደረቅ ቅጠል ሆኗል። የእርግብ እንቁላል የሚያክል በረዶ ሲያርፍበት ተሰነጠቀ፤ ሌላው ሲደገም ተሰባብሮ ከነበረዶው አልጋው ላይ ወረደ። ወላዷ ስትጮህ አፏ ሲከፈት አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ስለነበር ዘሎ ገባና በላይዋ ጎንበስ አለ፤ እጆቹን አልጋው ጠርዝ ላይ ተክሎ እንደ ጣሪያ ሆነላት። በረዶው ጀርባው ላይ ይወርዳል። ጥበቃው ከተኝቶ መታከሚያው ክፍል ፍራሽ ጎትቶ አመጣ። ፍራሹን ከላይ ይዘን አልጋዋን ወደ ኮሪደሩ ገፋነው።

ኮሪደሩም ብዙ አላቆየንም። ነፋሱ ከክፈፉ ሥር ገብቶ የዳር ቆርቆሮዎቹን ያነሳል፣ መልሶ ይጥላል። ሚስማሮቹ የገቡበት ቀዳዳ በዝገት ሰፍቶ ስለነበር የሚይዝ ነገር የለም። በየመሃሉ ደግሞ በረዶው የዛገውን ቦታ እየበሳ ይገባል። አንዱ ቆርቆሮ ተገንጥሎ አጥሩን አልፎ ባቄላ ማሳ ውስጥ ሲወድቅ በበሩ አየሁት። ሌላው በአንድ ጎኑ ብቻ ተይዞ ከአናታችን በላይ ተንጠለጠለ።

ያኔ በረዶው ጋብ አለ። አልቆመም፤ ጋብ አለ እንጂ።

"ወደ እማማ ቤት እንውሰዳት" አለኝ ጥበቃው።

አመነታሁ። የተማርኩት ንጹሕ ክፍል፣ ንጹሕ አልጋ፣ በቂ ብርሃን የሚል ነው። እማማ ቤት በአንድ ጎን በጎች ያድራሉ። ቀና ብዬ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ አየሁ። ቢወድቅ ገጀራ ነው።

"እሺ፤ እኔ ዕቃውን እይዛለሁ፤ እናንተ እሷን ያዙ።"

እማማ ሳይጠሩ በራቸውን ከፍተው ቆመው ነበር። "ግቡ፣ ግቡ! ቀስ፣ እንዳያዳልጣችሁ!" ይላሉ። ግቢው ነጭ ሆኗል፤ እግር ሲረግጠው ይንከባለላል። ባልና ጥበቃው ወላዷን መሃል አድርገው ፍራሹን በአናታቸው ተሸክመው አስገቧት። እማማ በጎቹን ወደ ጥግ አስጠግተው መደቡ ላይ አዲስ ሰሌን አንጥፈዋል። እኔ በሰሌኑ ላይ ንጹሕ ፕላስቲክ ዘረጋሁ፤ እጄን ታጥቤ ጓንት አጠለቅሁ፤ ስልኬን አብርቼ ጎታው ላይ አስደገፍኩት። ወንዶቹ ወደ ደጃፉ ፈቀቅ አሉ።

ገና ሳንረጋጋ ሁለተኛው ዙር መጣ። ይህኛው ከመጀመሪያው የከፋ እንደነበር በበሩ ይታያል፤ ሎሚ የሚያክሉ ነበሩበት። ከላይ ግን የሚሰማው ራቅ ካለ አውድማ እህል ሲወቃ እንደሚሰማው ያለ ድም ድም ብቻ ነው። እኔና ወላዷ ተያየን። ጎንበስ ብዬ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አደረግሁ።

ሰማሁት። ፈጠን ያለ፣ የተስተካከለ፣ ጠንካራ።

"አለ" አልኳት ቀና ብዬ። ቃሉ ይግባት አይግባት አላውቅም፤ ፊቴን አይታ ግን አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ ፍርሃቴን ራሴም አልሰማሁትም ነበር።

ያ ሰላም ብዙ አልዘለቀም። መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ ጭቃ ያለበት ውኃ ጠብ አለ። ቀጥሎ ከወደ ምሥራቁ ጥግ "ቋ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። እማማ ቀና ብለው አዳመጡ።

"ከበደው" አሉ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ተንከባሎ ይወድቃል። እዚህ ግን ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ የወረደው ሁሉ እዚያው ይከመራል። የውኃ መውረጃውን ቦይ ደግሞ በረዶው ራሱ ደፍኖታል። አፈሩ አይበሳም፤ ግን ይሸከማል፤ የሚሸከመውም ግንዱ ነው።

ባልየው አካፋ ፈልጎ ሊወጣ ሲል እማማ ከለከሉት። "አካፋ አፈሩን ይቆርጠዋል። ላይዳውን ያዝ" አሉት። ላይዳ እህል ከገለባ የሚለዩበት የእንጨት መዝሪያ ነው። ለጥበቃውም ሌላ ሰጡት። ከዚያ የበግ ለምድ አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ራሳቸው ወደ መሰላሉ ሄዱ።

"እማማ፣ እርስዎ ደግሞ የት ነው?" አልኳቸው።

"የትኛው ግንድ እንደደከመ እነሱ ምን ያውቃሉ? እዚያ ላይ ቢቆሙበት ሰብረውት ይገባሉ። አንቺ ሥራሽን ያዢ ልጄ።"

ሄዱ። እኔና ወላዷ ብቻችንን ቀረን። ከላይ የላይዳው ፍትግታ ይሰማል፤ የእማማ ድምፅ "ወደዚህ! በግድግዳው በኩል! መሃል አትርገጥ!" ሲል ይሰማል። በረዶው በበሩ ፊት እየተንዶለዶለ ይወርዳል። እኔ ከላይ የሚሆነውን ትቼ ከፊቴ ያለውን ማየት ነበረብኝ። ጭንቅላቱ ታየ። እትብቱ አንገት ላይ ዞሯል። "ቆይ፣ አትግፊ" አልኳት፤ ይህኛውን በአማርኛም ሰማችኝ፤ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀችኝ። እትብቱን በጣቴ አላልቼ በጭንቅላቱ ላይ አሳለፍኩት። "አሁን!" አልኳት። "ማርያም! ማርያም!" አለች፤ እኔም አብሬያት አልኩ።

ሴት ልጅ ነበረች። ትንሽ ቆይታ አለቀሰች። ልቅሶው በጭስ መውጫው አልፎ ጣሪያው ላይ ደረሰ መሰለኝ፣ የላይዳው ድምፅ ቀጥ አለ። ከዚያ የእማማ እልልታ ከላይ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ "ምን ትገተራላችሁ፣ ዛቁ!" የሚል ቁጣ ተከተለው።

ሲጨርሱ ወርደው ገቡ። የባልየው ጀርባ በየቦታው ጠቁሯል። የእማማ እጅ ከመቅላቱ የተነሳ ቡጢ መጨበጥ አልቻሉም። ወላዷን ደኅና ማደሯን እስካረጋግጥ እዚያው አቆየኋት፤ እማማም በዚያው እጃቸው ገንፎ አገነፉላት። ጥበቃው ሕፃኗን አይቶ፣ "በረዶ ብላችሁ ስም አውጡላት" ቢል አባቷ፣ "ገብሴን በበላ ስም ልጄን አልጠራም" አለው።

ገብሱ እውነትም አልቆ ነበር። በማግስቱ ከጥበቃው ጋር የተጎዳ ሰው እንዳለ ለማየት በመንደሩ ስንዞር፣ ማሳው ሁሉ ተረግጦ የተተወ ይመስላል። የሰው ጉዳት ቀላል ነበር፤ የተፈነከተ አንድ ሽማግሌና ጣቱን ቆርቆሮ የቆረጠው አንድ ሰው ነበሩ፤ ቁስላቸውን አሰርኩ። እግረ መንገዴን ሳላስበው የማየው ጣሪያ ሆነ። የሳር ክዳን ቤቶች ብዙ አልተነኩም፤ ሳሩ ምቱን ውጦታል፤ ሳሩ ያረጀባቸው ብቻ ዶሮ እንደጫረው ተመነቃቅሮ ጭራሮው ታይቷል። ስስ ቆርቆሮ የለበሱት እንደ ወንፊት ሆነዋል። በቅርብ የተሠራ አንድ ቤት ቆርቆሮው በሙሉ ጎድጉዷል፤ የተበሳ ግን የለበትም። ህድሞዎች ላይ ቀዳዳ የሚባል ነገር አላየሁም፤ አንዱ ግን፣ ባለቤቶቹ ለቅሶ ሄደው የሚዝቅለት ሰው ያላገኘው፣ መሃሉ ሰርጎ ገብቷል።

ጤና ጣቢያውን የሚጠግን አናጢ ከሰቆጣ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲዞር ቆየና ወርዶ፣ "ይሄ ሠላሳ አምስት ጌጅ ነው" አለኝ።

"ወፍራም ነው ማለት ነው?"

"በቆርቆሮ ቁጥሩ ሲበዛ ይሳሳል። ሃያ ስምንት ብናገኝ ጥሩ ነበር፤ ሠላሳም ይበቃል።"

"ያኛውን በረዶ ይችለዋል?"

"ሎሚ የሚያክል ከመጣ የእኔም ይጎደጉዳል" አለ። "ላለመጎድጎድ አይደለም፤ ላለመበሳት ነው። ማገሩ ተራርቋል፤ መሃሉ ባዶ ስለሆነ ምቱን ብቻውን ነው የሚቀበለው። አቀራርቤ እመታዋለሁ። ቁልቁለቱንም ከፍ አደርገዋለሁ፤ በረዶው ፊት ለፊት ከሚመታው ተንሸራቶ ቢሄድ ይሻላል።"

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ከማዋለጃ አልጋው በላይ ፕላስቲክ እንዳታደርግብኝ" አልኩት። ብርሃኑን እንደምፈልገው ስነግረው ግን አሰበበትና መስኮቱን በድንጋዩ በኩል አሰፋልኝ። ጨለማውም ቀረ፤ አናቴም ተከደነ። ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ በጣውላ ኮርኒስ ሠራልን። ድምፁን አላጠፋውም፤ ግን ቀንሶታል። አሁን ዝናብ ሲዘንብ ማዳመጫዬ ይሠራል።

አናጢው ሥራውን ሳይጨርስ እማማ ቤታቸውን እንዲያይላቸው ጠሩት። እኔም አብሬ ገባሁ። የምሥራቁን ጥግ ግንድ በእጁ ዳበሰው። ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

"ይለወጥ ከተባለ ይህን የሚያክል ወይራ ከየት ይመጣል?" አላቸው።

"ከየትም አይመጣም" አሉ እማማ። "ያኔ ባሌ የቆረጠበት ዱር አሁን የድንጋይ ሜዳ ነው። ቆርቆሮ ምታልኝ።"

እኔ ደነገጥኩ። ያቺ ልጅ የተወለደችበት፣ ያንን ሁሉ በረዶ ችሎ የቆመ ቤት ቆርቆሮ ሊሆን! "እማማ፣ ያ ፀጥታ እኮ አይገኝም። በየዓመቱ አፈር እየጨመሩ ስንት ዘመን ጠብቀውታል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ፀጥታውን አንቺ አንድ ቀን ነው ያየሽው" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "አፈሩን የማስወጣው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ወጣሁ፤ ከርሞ መሰላሉን የምወጣው በማን ጉልበት ነው?"

አናጢው ግን እኔ ያላሰብኩትን አሰበ። የተሰነጠቀውን ግንድ ከሥሩ በምሰሶ ደገፈው፤ ከላይ ያለውን አፈር እስከ ግማሹ አስነሳለት። ግድግዳውን በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ በዚያ ላይ ቁልቁል የያዘ ወፍራም ቆርቆሮ መታ። ዝናቡንና በረዶውን ቆርቆሮው ይቀበላል፤ ሙቀቱንና ጩኸቱን የቀረው አፈር ይይዛል። "እንዲህ ሠርተህ ታውቃለህ?" ብለው ጠየቁት። "አላውቅም፤ እስቲ አብረን እንየው" አላቸው።

አብረን አየነው። በቀጣዩ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በረዶ ወረደ። እንደ ፊተኛው አልከፋም፤ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ነበር። ጤና ጣቢያው ላይ ጮኸ፣ አንዲት ጠብታ ግን አልገባም። ሲያበቃ አጥሩን አልፌ ሄድኩ። እማማ መደባቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነው።

"እንዴት ነበር?" አልኳቸው።

"ይሰማል፤ ግን ሰው ከሰው ያነጋግራል" አሉ። "ውኃም አልገባ።"

"እንኳን ደስ አለዎት።"

"ቆይ፣ አትቸኩዪ" አሉኝና እንዝርቱን አስቀምጠው በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ዝም ብለን አዳመጥን። በአፈሩና በቆርቆሮው መሃል ባለው ክፍተት አንድ ነገር እየተሯሯጠ ያልፋል፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ብዙ።

"አይጥ ነው" አሉ። "ሞቃት፣ ደረቅ፣ ከላይ የተከደነ ቤት አገኘ፤ ከነዘመዱ ገባበት። አንቺ ቅዳሜ ሰቆጣ ትወርጃለሽ አይደል? ድመት ፈልጊልኝ። ሴት ትሁን፤ ወንዱ ዘዋሪ ነው።"

ቅዳሜ በካርቶን አድርጌ አመጣሁላቸው፤ መንገዱን ሙሉ ስትጮህ አይሱዙው ላይ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።